መዓዛ በመተማ መንገድ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው የረጅም ዘመን ትግል አምስቱ የስሜት ሕዋሳቱ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎቹ ነበሩ። ዓይኑ የሩቁን አሳየው፤ ጆሮው ከአደጋ አስጠነቀቀው፤ እጁ ጨብጦ ሠራ። አፍንጫው ግን በፈላስፎችም ሆነ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ዝቅ ያለ ቦታ ሲሰጠው ኖሯል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ከስሜት ሕዋሳት ሁሉ ምስጋና ቢሱና ሊያለሙት የማይገባው ማሽተት ነው እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ለዚህ ንቀት አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሽታ አይቀረጽም። የጎንደር ግንብ ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ በግንቡ አዳራሽ ውስጥ ይጤስ የነበረው ዕጣን ግን በዚያው ዕለት ከነፋስ ጋር ሄዷል።

ይሁን እንጂ ያልተቀረጸ ነገር ሁሉ ታሪክ የለውም ማለት አይደለም። ሽታ ተገዝቷል፤ ተሽጧል፤ ቀረጥ ተከፍሎበታል፤ በሃይማኖት ሥርዓትና በሠርግ ቤት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰውን ከሰው ለማቅረብም ለመለየትም አገልግሏል። ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ አላን ኮርባን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው መጽሐፉ የፈረንሳይን ማኅበራዊ ኑሮ በሽታና በመዓዛ በኩል መርምሮ ካሳየ ወዲህ፣ አፍንጫም የታሪክ ምስክር መሆኑ በሰፊው ታምኖበታል። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል የተባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች ሽታን የሚቀበሉትን የዘር ቅንጣቶች በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። አንድ ሽታ ለዓመታት ተረስቶ የቆየን ቤት፣ ሰው ወይም በዓል በአንድ ጊዜ የሚያስታውሰው፣ የማሽተት ነርቭ ስሜትንና ትዝታን ከሚመሩት የአንጎል ክፍሎች ጋር እጅግ የቀረበ ግንኙነት ስላለው ነው።

ይህን ታሪክ በኢትዮጵያ ምድር ለመከተል ከመተማ የተሻለ መነሻ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሱዳን ድንበር ላይ የምትገኘው መተማ ዮሐንስ በብዙዎች ዘንድ የምትታወቀው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት ቆስለው ሕይወታቸውን በማጣታቸው ነው። ስሟም ይህንኑ ይመሰክራል። ነገር ግን መተማ የጦር ሜዳ ብቻ አልነበረችም። ዝባድ በቀንድ ታሽጎ የሚወጣባት፣ ሰንደልና ቅርንፉድ የሚገባባት፣ በዙሪያዋም የዕጣን ዛፍ የሚበቅልባት የመዓዛ በር ነበረች።

ሽታ በቋንቋ ውስጥ

ሕዝብ ለአንድ ነገር የሰጠው ዋጋ በቋንቋው ውስጥ ይገኛል። አማርኛ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። “ሸተተ” የሚለው ግሥ በመሠረቱ ለበጎውም ለክፉውም ያገለግላል፤ ለብቻው ሲቆም ግን ወደ ክፉው ያዘነብላል። “ሥጋው ሸተተ” ከተባለ መበላሸቱን ለመረዳት ተጨማሪ ቃል አያስፈልግም። ከዚያው ግሥ የወጣው “ሽቶ” ደግሞ በተቃራኒው ለተመረጠው መዓዛ ብቻ ተለይቶ ቀርቷል። “መዓዛ” ከግዕዝ የመጣና የከበረ ቃል ነው። “ጠረን” የአንድ ሰው ገላ ወይም የአንድ ቤት ልዩ ምልክት ነው፤ ሕፃን እናቱን የሚለየው በጠረኗ ነው ይባላል። ለመጥፎው በኩል “ቅርናት”፣ “ክርፋት”፣ “ግማት” እና “ጥንባት” እንደየደረጃቸው ተሰልፈዋል።

ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚገባው “አጠነ” የሚለው ግሥ ነው። ካህኑ ጽና ይዞ መንበሩንና ሕዝቡን ያጥናል። የቤት እመቤቷም የወተት ዕቃዋን በወይራ ጢስ፣ የጠላ ማሰሮዋን በጥንጁት ታጥናለች። በመቅደስ ውስጥ የሚፈጸመው ከፍተኛ ሥርዓትና በጓዳ ውስጥ የሚሠራው የዕለት ሥራ በአንድ ግሥ መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለቱም ዘንድ ጢስ ዕቃውን ወይም ቦታውን ለተለየ አገልግሎት የሚያዘጋጅ፣ ከርኩሰት ወይም ከብልሽት የሚጠብቅ ነው። ለወተቱ ጉዳይ ሳይንስም ድጋፉን ሰጥቶታል፤ የእንጨት ጢስ ወተት የሚያበላሹትን ተሐዋስያን እድገት እንደሚያዘገይ ታውቋል።

ሌሎች ቃላት ደግሞ ከውጭ የመጡትን መንገድ በላያቸው ይዘው ይገኛሉ። “ዝባድ” ዓረብኛ ነው፤ አውሮፓውያንም “ሲቬት” የሚሉት ከዚያው ከዓረብኛው ቃል የተወሰደ ነው። “ሉባንጃ” ዓረቦች “ሉባን ጃዊ”፣ ማለትም የጃቫ ዕጣን፣ ከሚሉት ጋር የተዛመደ ሲሆን፣ በአውሮፓ ቋንቋዎች “ቤንዞይን” ተብሎ የሚታወቀው ሙጫ ስምም ከዚያው ምንጭ የወጣ ነው። “ቅርንፉድ” እና “ሰንደል” እንደዚሁ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ከመጣው ዕቃ ጋር በዓረብ ነጋዴ አፍ የገቡ ናቸው። በአንዲት ድሃ ጎጆ ውስጥ በማጨሻ ላይ የሚጨመረው ቁንጥር ሙጫ ስሙን ያገኘው ከሩቅ አገር ወደብ ነው ማለት ነው።

ቀንድ ሙሉ ዝባድ

ከኢትዮጵያ ወጥተው የዓለምን ሽቶ ካበለጸጉት ነገሮች አንዱ ዝባድ ነው። ዝባድ ጥርኝ ከሚባለው የዱር እንስሳ፣ ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት የሚገኝ፣ ቅቤ የመሰለ ቅባት ነው። እንደ ወጣ ሽታው የሚሰነፍጥና የሚያስጠላ ነው፤ በብዙ እጥፍ ሲቀጠን ግን ሞቅ ያለና ለረጅም ጊዜ የማይለቅ መዓዛ ይሆናል፤ ሌሎች ቶሎ የሚተኑ ሽቶዎችንም አጥብቆ ይይዛል። ሽቶ ቀማሚዎች በብርቱ የፈለጉትም ስለዚህ ነው።

የዝባድ ምንጭ በዋናነት ደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ነበረ፤ በተለይ እናርያ ለብዙ ዘመን በዚህ ትታወቅ ነበር። ከዚያ ሲራራ ነጋዴዎች ዓባይን ተሻግረው በጎጃም በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደር ያመጡታል፤ ከጎንደርም አንዱ መንገድ ወደ ምጽዋ፣ ሌላው በመተማ በኩል ወደ ስናር ይሄዳል። ጥርኝ የማርባቱ ሥራ ግን በደቡብ ምዕራብ ብቻ አልተወሰነም። ዐፄ ኢያሱ 1ኛን ለማከም እ.ኤ.አ. በ1699 በስናርና በምዕራቡ ቆላ በኩል አድርጎ ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ፣ በእምፍራዝ ከተማ ነጋዴዎች ጥርኝ በብዛት እንደሚያረቡ፣ አንዳንዱም እስከ 300 የሚደርስ እንደ ነበረው ጽፏል። እንስሳቱ ጥሬ ሥጋና የወተት ገንፎ እየተመገቡ ይጠበቃሉ፤ ዝባዱ በሳምንት አንድ ጊዜ ይፋቃል፤ ከዚያም በበሬ ቀንድ ውስጥ ተከትቶ አፉ በጥብቅ ይዘጋል።

የቀንዱ ነገር ለዘመናት አልተለወጠም። የጥርኝ ጠባቂዎች፣ አብዛኞቹም እስላም ገበሬዎች፣ ዝባዱን በቀንድ እያጠራቀሙ ለነጋዴ የሚያስረክቡበት ልማድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያም በኋላ ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው ታዋቂው ሻኔል ቁጥር 5 ሽቶ በቅመሙ ውስጥ ዝባድ ከገባባቸው አንዱ ነበር። የፓሪስ ወይዛዝርት አንገታቸውን ሲቀቡት፣ በጠርሙሱ ውስጥ ካለው መዓዛ አንዱ ክፍል በኢትዮጵያ ገጠር በእንጨት ወጥመድ ቤት ከታሰረ እንስሳ መውጣቱን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ስሙ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሽቶውን ያወጣው ቤት እንጂ ቀንዱን ያሸገው ገበሬ አልነበረም።

ሳይንስ ይህን ንግድ ከሥሩ ነካው። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1926 ለዝባድ መዓዛውን የሚሰጠውን ሲቬቶን የተባለውን ንጥረ ነገር አሠራር አወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1939ም የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሠራሽ ምትክ እየተስፋፋ ሄደ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ደግሞ የእንስሳት ደኅንነት ተከራካሪዎች ጥርኞች በጠባብ ወጥመድ ቤት የሚደርስባቸውን ሥቃይ ለዓለም በማሳየታቸው ታላላቅ የሽቶ ቤቶች ከተፈጥሮ ዝባድ ራቁ። ክርክሩ ትክክለኛ ነበር፤ የዋጋው መውደቅ ሸክም ግን በመጨረሻ ያረፈው ከሽቶው ትርፍ ጥቂቱን ብቻ ሲያገኝ በኖረው ጠባቂ ትከሻ ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የመተማ ገበያ

ስናር እ.ኤ.አ. በ1821 በግብጽ ጦር እጅ ከወደቀች በኋላ የድንበሩ ንግድ ማዕከል በይበልጥ መተማ ሆነች። በከተማይቱ ከሰፈሩት መካከል ታላቅ ቦታ የነበራቸው ተክሩሮች ነበሩ። እነዚህ ከዳርፉርና ከዚያም ባሻገር ከምዕራብ አፍሪካ ለመካ ጉዞ ተነሥተው በመንገድ የቀሩ ምእመናንና ዘሮቻቸው ሲሆኑ፣ አለቆቻቸው ለኢትዮጵያም ለግብጽም ግብር እየከፈሉ በሁለት ኃይሎች መካከል ገበያውን ጠብቀው ይኖሩ ነበር። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ፣ ቆዳና ፈረስ ይወርዳል፤ ከቆላው ጥጥ፣ ከግብጽና ከቀይ ባሕር ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ፣ ዶቃና ሽታ ያላቸው ቅመማ ቅመሞች ይመጣሉ። የጎንደር እስላም ነጋዴዎች በዚህ መንገድ ላይ ዋና አገናኞች ነበሩ።

ይህን ገበያ በዝባድና በሰንደል ሽታ ብቻ ማስታወስ ግን ታሪክን ማስዋብ ይሆናል። በዚያው ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 መተማን ባየ ጊዜ፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ ተነጥቀው የመጡ ልጃገረዶች በሰሌን ዳስ ሥር ለገዢ ተቀምጠው ማግኘቱን ጽፏል። ፖንሴም ከ160 ዓመት በፊት ስለ እምፍራዝ ሲናገር የባሪያና የዝባድን ንግድ ለይቶ አላስቀመጠም፤ ከተማይቱ በሁለቱም የታወቀች መሆንዋን በአንድነት ነው የመዘገበው። ቀንድ ሙሉ ዝባድ የጫነው በቅሎና እግሩ የቆሰለው ልጅ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ነጋዴ ሥር ተጉዘዋል። የመዓዛ ታሪክ የሚጻፍ ከሆነ፣ ይህም የዚያው ታሪክ ገጽ ነው።

የገበያው ዘመን በጦርነት ተቋረጠ። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር ሣር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናትንም አቃጠለ። በዓመቱ ዐፄ ዮሐንስ ወደ መተማ ዘመቱ፤ ጦርነቱም በእርሳቸው ሞትና በሁለቱም ወገን ከባድ እልቂት ተፈጸመ። ነጋዴ የሸሸው፣ መንደር የጠፋው፣ የሲራራው መንገድም ዳዋ የለበሰው ከዚያ በኋላ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል ድንበሩን ሲያሰምር መተማ በኢትዮጵያ፣ ገላባት በሱዳን በኩል ቀሩ። ሁለቱን የሚለያቸው ጠባብ ወንዝ ነው፤ ሽታ ግን ወንዝ አይለየውም።

ወይባና ዱኻን

ይህን ለማየት ከገበያው ወደ ሴቶች ቤት መግባት ያስፈልጋል። ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 በአትባራ ወንዝ ዳር በከረመበት ጊዜ የዓረብ ሴቶች የሚታጠኑበትን ሥርዓት በዝርዝር መዝግቧል። በድንኳኑ ወለል ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ፍም ይጨመርበታል፤ በፍሙ ላይ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ዕጣን፣ ሰንደል፣ ከርቤና ከቀይ ባሕር የሚመጣ የባሕር ሣር ይነሰነሳል። ሴቲቱ ልብሷን እንደ ድንኳን ዘርግታ በላዩ ትቀመጣለች፤ ጢሱ ከላቧ ጋር ተዋሕዶ በቆዳዋ ውስጥ ይሰርጋል። በሱዳን ይህ ሥርዓት ዱኻን ይባላል፤ ጣልህ የተባለው ግራር ለዚሁ ዋና እንጨት ነው። ከእርሱም ጋር ገላ የሚታሽበት ድልካና ኹምራ የተባለው ቅባት ሽቶ በሙሽራ ቤት ታላቅ ስፍራ አላቸው። የአትባራ ወንዝ ራሱ ከጎንደር ደጋ የሚወርደው ጓንግ ነው።

ከወንዙ ወዲህ ይኸው ጥበብ ወይባ ይባላል። ወይባ በቆላና በወይና ደጋ የሚበቅል ዛፍ ሲሆን፣ በጎንደር፣ በወሎና በሌሎችም አውራጃዎች ሴቶች እንጨቱን በጉድጓድ ወይም በሸክላ ውስጥ አጢሰው፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተከናንበው ይሞቁታል። ለሙሽራ የገላ ማማሪያ፣ ለአራስ የሰውነት መጠገኛ፣ ለደከመ የድካም ማውጫ ነው። ቆዳው ወደ ብጫነት ያደላል፤ መዓዛውም ቀናት ይሰነብታል። አዋቂዋ ሴት የፍሙን ልክ፣ የእንጨቱን ድርቀት፣ የመቀመጫውን ጊዜ ትመራለች፤ ጀማሪዋ ከእርሷ ትማራለች። ይህ በትምህርት ቤት ያልተጻፈ፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ሙያ ነው።

በወይባ ስም ሌላም ነገር ይጠራል። ከዓለም የተለየው መነኩሴ የሚለብሰው ብጫ ልብስ ወይባ ይባላል። ለሙሽራ ጫጉላና ለመነኩሴ ምናኔ አንድ ስም፣ አንድ ቀለም ማገልገሉ በሕዝብ ባህል ውስጥ ተቃራኒ የሚመስሉ ነገሮች እንዴት ጎን ለጎን እንደሚኖሩ ያሳያል።

ከዱኻንና ከወይባ የትኛው እንደሚቀድም መከራከር ብዙ አይጠቅምም። በመተማና በገላባት መካከል የተጋቡ፣ የተሰደዱና የተነገዱ ሰዎች ለረጅም ዘመን የሴቶችን ጥበብ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲያሸጋግሩ ኖረዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር በመተማ በኩል በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሯል። ስደተኛ ቤቱን ይዞ መምጣት አይችልም፤ የቤቱን ጢስ አሠራር ግን በእጁና በአፍንጫው ይዞ ይመጣል።

በደጋው ቤት ደግሞ የመዓዛው ሥርዓት ሌላ መልክ አለው። ለበዓል ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ቡናው ሲቆላ ጢሱ ለእያንዳንዱ እንግዳ ይዞርለታል፤ በማጨሻው ላይ ዕጣን ይጨመራል። ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር ተለውሶ ጸጉር ይቀባል፤ አሪቲና ጠጅ ሣር ቤቱን ያውዱታል። በባለጸጋውና በድሃው ቤት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ በመብሉ እንጂ በዕጣኑ አይታይም ነበር፤ ቁራሽ ዕጣን ለቡናዋ ያልነፈገች እናት ቤቷን ከማንም ቤት ጋር እኩል አድርጋ ታየዋለች።

የዕጣኑ ዛፍና ጉልበተኛው

የዕጣኑ ጢስ በአብዛኛው የሚነሣው ከአንድ ዛፍ ነው። የመተማና የቋራ ቆላ ከባሕር ወለል በላይ ከ550 እስከ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ ምድር ነው። በዚህ በድንጋያማ ተዳፋት ላይ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ በሳይንስ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይባላል፤ ሁለተኛው ስም “ወረቀት ተሸካሚ” ማለት ሲሆን፣ እንደ ወረቀት እየተገሸለጠ ከሚረግፈው ልጡ የተወሰደ ነው። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ዕርቃኑን ሳለ ያብባል፤ ንቦችም አበባውን ይቀስማሉ። በዓለም ገበያ የዚህ ዛፍ ዕጣን “የትግራይ ዓይነት” ተብሎ ስለሚታወቅ፣ የመተማው ምርትም በዚያው ስም ይወጣል። መዓዛውን ለየት የሚያደርገው በዘይቱ ውስጥ የበዛው ኦክቲል አሲቴት የተባለው ንጥረ ነገር ነው።

ዕጣን የዛፉ ቁስል ውጤት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሠራተኛው መንጋፍ በሚባለው ስለታም መሣሪያ ግንዱን በተለያየ ቦታ በትንሹ ይልጠዋል። ዛፉ ቁስሉን ለመዝጋት ነጭ ሙጫ ያነባል፤ ሙጫው በነፋሱ ይደርቃል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ተለቅሞ ቁስሉ እንደገና ይታደሳል። ይህ እስከ ዝናብ መግቢያ ድረስ በወቅቱ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይደጋገማል። ከአንድ ዛፍ በዓመት የሚገኘው ግን ጥቂት መቶ ግራም ነው። እንግዲህ አንድ ኩንታል ለመሙላት ስንት ዛፍ መዞር፣ ስንት ሸለቆ መውረድና ገደል መውጣት እንደሚያስፈልግ ማስላት ይቻላል።

ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ከደጋ የሚወርዱ ወቅታዊ ሠራተኞች ናቸው። ለወራት ከመንደር ርቀው በጫካ ይሰፍራሉ፤ ውኃ ሩቅ ነው፤ ወባና ካላ አዛር ከዚህ ቆላ ስም ጋር ተያይዘው የሚነገሩ በሽታዎች ናቸው። ዕጣኑ ወደ መጋዘን ሲገባ ደግሞ ሴቶች በቀለሙና በመጠኑ በእጃቸው ለቅመው በደረጃ ይለዩታል፤ ትልቁና ነጩ ለአንደኛ ደረጃ፣ ጥቁሩና ድቃቂው ለመጨረሻው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ የዕጣንና የሙጫ ምርት በመንግሥት ድርጅት እጅ ገባ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የግል ነጋዴዎችና የገበሬ ማኅበራት ተጨመሩበት። ባለቤቱ ተለዋወጠ፤ የሠራተኛው ድንኳን ግን ያው በጫካው ውስጥ ቀረ።

ዛሬ ጥያቄው የሠራተኛው ኑሮ ብቻ ሳይሆን የዛፉም ሕልውና ሆኗል። የኢትዮጵያና የሆላንድ ተመራማሪዎች በመተማ ዛፎቹን እየቆጠሩ ካጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ውጤት አስደንጋጭ ነበር፤ አያያዙ ካልተለወጠ የዕጣኑ ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ፣ የዛፉ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ እንደሚቀንስ ገመቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሰፊ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ከ21,000 በላይ ዛፎችን መርምሮ፣ ከጥናቱ ሥፍራዎች በሦስት አራተኛው ወጣት ዛፍ አለመኖሩን አረጋገጠ። ጫካው ቆሟል፤ ልጅ ግን የለውም። በክረምት የሚበቅለውን ችግኝ ከብት ይበላዋል፤ የተረፈውን የበጋ ቃጠሎ ይጨርሰዋል። ትልቁን ዛፍም ግንዱን የሚቦረቡር ጥንዚዛ ይገድለዋል። ከመጠን በላይ የሚለጥ ዛፍ ደግሞ ዘሩ ይመክናል፤ በኤርትራ የተደረገ ምርመራ ካልተለጠ ዛፍ የተገኘ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ከተለጠው የተገኘው ግን ወደ 16 በመቶ ብቻ መብቀሉን አሳይቷል።

ከዚህም ሌላ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ መስፋፋት፣ በተለያየ ጊዜም ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ የተደረገው ሠፈራ ጫካውን አጥብቦታል። ይህን በሠፋሪው ገበሬ ላይ ብቻ ማላከክ ፍትሕ አይሆንም። ድርቅና የመሬት ጥበት ከቀየው ያፈናቀለው ሰው ለልጆቹ እህል እንጂ መዓዛ ሊዘራ አይችልም። ከሰሊጥ በዓመቱ ገንዘብ ይገኛል፤ የዕጣን ችግኝ ግን ለምርት እስኪደርስ ብዙ ዓመት መጠበቅን ይጠይቃል። መፍትሔውም የሚመዘነው ይህን የኑሮ ሚዛን በመለወጡ ነው። ለዛፉ የዕረፍት ዓመት መስጠት፣ በአንድ ግንድ ላይ የሚወጣውን ቁስል በልክ ማድረግ፣ ችግኝ ያለበትን ቦታ ከከብትና ከእሳት ማጠር በጥናት የተመከሩ ናቸው። እነዚህ የሚፈጸሙት ግን የዕጣኑ ዋጋ በጫካው ውስጥ ላለው ሰው ሲደርሰው ብቻ ነው።

ያልተቀረጸው ቅርስ

የመዓዛ ታሪክ በመተማ መንገድ ላይ ሲታይ አንድ ነገር ደጋግሞ ይገለጣል። ሽታው ሩቅ ይሄዳል፤ የሠራው ሰው ግን ከቦታው አይታወቅም። ዝባዱ ፓሪስ ሲደርስ ጠባቂው በስም አልተጠራም። በሲራራው ውስጥ የተጎተተችው ልጃገረድ ታሪኳን ራሷ አልጻፈችም፤ የተጻፈው በተጓዥ ዓይን ነው። ዕጣኑ በመንበሩ ፊት ሲጤስ፣ በቡናው ጊዜ ሲሸት፣ በጓንግ ሸለቆ ግንዱን የላጠው እጅ አይታሰብም። የወይባውን ፍም ልክ የምታውቀው አሮጊትም እውቀቷን በጽሑፍ አልተወችም።

ጦርነት የገበያን መንገድ ሊያጠፋ እንደሚችል መተማ በ1880 እና በ1881 ዓ.ም. አይታለች። ከዚያ በኋላ ገበያው ተመልሶ ቆሟል፤ ምክንያቱም ሰዎቹ ባይኖሩም ዛፉ፣ ወንዙና መንገዱ ነበሩ። ዛፉ ከጠፋ ግን የሚመለስ ገበያ አይኖርም። ከዛፉ ጋር “አጠነ” የሚለው ግሥም ከመቅደስና ከጓዳ ወጥቶ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ብቻ የሚገኝ ቃል ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሥራው በሦስት ወገን የሚጠበቅ ነው። መምህሩ በቆላው ትምህርት ቤት የዕጣን ዛፍን እንደ ሥነ ሕይወት ብቻ ሳይሆን እንደ አካባቢው ታሪክ ሊያስተምረው ይችላል፤ ተማሪው አባቱ በመንጋፍ የሚሠራው ሥራ ከስናርና ከጎንደር ታሪክ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ያውቃል። ኪነ ጥበበኛው የለቃሚውንና የወይባ አዋቂዋን ሕይወት በሥዕል፣ በቴአትርና በልብ ወለድ ሊያሳየው ይችላል። በአስተዳደር ላይ ያለው ደግሞ የዕጣኑ ኩንታል ሲቆጠር ከጎኑ ችግኙም እንዲቆጠር ማድረግ ይገባዋል። ሽታ በድንጋይ ላይ አይቀረጽም፤ የሚኖረው በዛፍና በሰው ነው። የመተማን መዓዛ መጠበቅም ሁለቱን አብሮ ከመጠበቅ የተለየ ትርጉም ሊኖረው አይችልም።